ሴራሚኩን የደበቅሁበት ልስን

በ2001 ዓ.ም. በጥቅምት ነው፤ ቡሬ። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የገዛ ቤቱ የሚያሳፍረው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዲቱን አውቃታለሁ፤ ከተወለድሁ ጀምሮ አልተለያየንም።

ልጄን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከፍኖተ ሰላም ሽማግሌዎች ሊመጡ ሆነ። ቤቱ፣ ተመስገን፣ ሙሉ ነበር። እኔን ግን የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ዕረፍት ነሣኝ፤ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ጊዜው ያለፈበት ሴራሚክ ነው። ባለቤቴ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ ታቅፎ አምጥቶ በእጁ የለጠፈው። እሱ ገጠር እንደ ወጣ ለሳኝ አስጠራሁና በጌጠኛ ልስን ሸፍንልኝ አልሁት።

«እትዬ፣ ሴራሚኩ በመሮ ካልተቦጫጨረ ልስኑ አይይዝም» አለኝ።

«አቧራ አልፈልግም። አንተ ለስን፤ መያዙን ለእግዜር ተወው።»

እግዜር ምን በወጣው? ቅዳሜ አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ግድግዳው እንደ ናዳ ወረደ። ዱቄት መስለው ወጡ።

«ምነው እመቤቴ! ልጅ ስጡን ብንል በቁሜ ትቀብሩኝ?»

ሁሉም ሳቀ። በዚያው ጧት ከገጠር የተመለሰው ባለቤቴ ግን ገብቶ የተገለጠውን አበባ ዳሰሰና፣ «ይህን ያህል ያሳፍርሽ ነበር?» አለኝ በቀስታ።

ልጄ ታጨች፤ ተመስገን። ግን የተሰጠውን እየሸፈነ ተመስገን የሚል ሰው ማንን ያታልላል?

በማግስቱ ቅዳሴ ከመግባቴ በፊት፣ ከወደቀው ልስን ትልቁን ጓል እንደ ይቅርታ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ባለቤቴ ፊት አጎነበስሁ።