የድንች ልጣጭ አማካሪ

ድንች ስትልጡ በራፍ ላይ ቆሞ «እንደሱ አይደለም!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤቴ ገመዳ እንዲህ ነው፤ ቢላዋ ሳይነካ ያስተምራል። ቅዳሜ አብረን ኳስ ልናይ ስንወጣ፣ ሚስቱና እናቷ ለእንግዶች አንድ ሳፋ ድንች ሲልጡ አየና ቆመ።

«የድንቹን ወገብ ዙሪያውን በስሱ ጫር አድርጉና ከነልጣጩ ቀቅሉት፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሳብ ነው!»

«እስቲ አሳየን» አሉት አማቱ።

አንዱን ቀቅሎ አሳየ። ልጣጩ እንደ ካልሲ ወለቀ! መምህር ነኝና፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ አጨበጨብኩለት።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ!» አሉ አማቱ፣ ሳፋውን ወደ እሱ እየገፉ። «እኛማ እንዳንተ አንችልበትም።»

ሚስቱ ነጠላዋን አነሳች። «ኳሱን እኔ አይቼ ውጤቱን እነግርሃለሁ።»

ዘዴው ግን በእርግጥ ይሠራል። ዛሬውኑ ሞክሩት፤ ሌላ ሳፋ የሚገፋላችሁ እንዳያያችሁ በሩን መዝጋት ብቻ አትርሱ።