ከአንደኛው ገጽ የፈለቀው ፍልውሃ

ስሟን ብንጽፈው የምትቀየመን፣ ብንተወውም «እኔን ነው» ብላ የምትጠረጥረን አንዲት አገር ነበረች። አፈሯ ለም፣ አየሯ ልከኛ፣ ሕዝቧም ጨዋ ነበር። ይህ ሕዝብ ከአባቶቹ ያልወረሰው፣ ነገር ግን ከወረሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው አንድ ልማድ ነበረው፤ ይኸውም ስልኩን ሳይጠይቅ ማናቸውንም ነገር አለማመን ነው። ዝናብ የደበደበው ሰው የወረደበት ዝናብ መሆኑን ለማረጋገጥ ከደጃፉ ቆሞ ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩ «ዛሬ ፀሐይ ነው» ያለው እንደሆነም ጋቢውን እየጨመቀ «ፀሐይ ኖሯል ለካ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ስልክ ሲጠየቅ መልሱን በገጽ በገጽ ደርድሮ ያቀርባልና፣ ሕዝቡ በአንደኛው ገጽ ላይ የተገኘውን እውነት፣ በሁለተኛው ላይ የተገኘውን ሐሜት ይለው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ ከነጭራሹ እንዳልተፈጠረ ይቆጥረዋል።

በዚህች አገር ቤተ መንግሥት አለቃ እንግዳሸት የሚባሉ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበሩ። አለቃ የንጉሡን የአንድ ቀን አደን ለመተረክ ከንጉሡ ቅድመ አያት ልደት ስለሚነሡ፣ ንጉሡ ጫካው ሳይደርሱ ብራናው ያልቅ ነበር። ቢሆንም የሚኮሩበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ የሆነውን ያስጌጡት እንደሆነ እንጂ ያልሆነ ነገር ጽፈው አያውቁም።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ ቁርሳቸውን ካደረሱ በኋላ ጥርሳቸውን እየፋቁ፣ ለጨዋታ ያህል የገዛ አገራቸውን ስም በስልካቸው ፈለጉ። በመጀመሪያ የወጣላቸው ስለ ዶሮ እርባታ የሚመክር ጽሑፍ ነበር፤ የአገሪቱ ስም ከአንድ የእንቁላል ጣይ ዶሮ ዝርያ ጋር ይመሳሰል ነበርና። ቀጥሎ የጎረቤት አገር ማር መጣ፤ ከማሩም ቀጥሎ የጎረቤቱ አገር ንጉሥ ፈገግ ብሎ መጣ። የራሳቸው አገር የተገኘችው ከሴት የተወለደ ሰው ደርሶበት በማያውቀው በሰባተኛው ገጽ ግርጌ ነው።

«እንግዲህ እኔ የምነግሠው በሰባተኛው ገጽ ላይ ነው ማለት ነው?» አሉ ንጉሡ ለተሰበሰቡት መኳንንት። መኳንንቱ አለቀሱ፤ እንባ እምቢ ያላቸውም ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

ያን ጊዜ ምንዳርአለው የሚባል ጎልማሳ እጅ ነሥቶ ወደፊት ወጣ። ይህ ሰው ከባሕር ማዶ አጭር ሥልጠና ወስዶ ስለ ተመለሰ «ሊቀ ፍለጋ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር፤ ምን እንደሚፈልግ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«ጃንሆይ፣ ጥፋቱ የአገሪቱ አይደለም፤ የአለቃ ነው» አለ። «የአለቃ ጽሑፍ ንዑስ ርዕስ የለውም፣ ቁልፍ ቃልም የለውም። የዘመኑ አንባቢ ዓይኑን እስኪያርገበግብ ድረስ ጥቅሙን ካላየ ጥሎ ይሄዳል። አለቃ ግን አንባቢውን ሦስት ትውልድ ሙሉ ደጅ ያስጠኑታል።»

«ቁልፍ ቃል ምንድን ነው?»

«ሰው የሚፈልገው ቃል ነው ጃንሆይ። በየአንቀጹ ጣል ጣል ይደረጋል፤ እንደ ጨው።»

«የእኔ ስም ቁልፍ ቃል ነው?»

ምንዳርአለው ስልኩን አየ፤ ቀና ብሎ ንጉሡን አየ፤ ደግሞ ስልኩን አየ። «ለመሆን በመንገድ ላይ ነው ጃንሆይ» አለ።

ወዲያውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጽሑፍ አርቃቂ ከነኮምፒውተሩ ከባሕር ማዶ ተጭኖ መጣ። በጥላና በመለከት ታጅቦ ግቢው ሲገባም እንዲህ የሚል አዋጅ ተነገረ፦ «አስተውሎት ተሠርቶ ያለቀለት ስለ ገባልን፣ ከእንግዲህ ወዲህ ማንም የአገሬ ሰው በገዛ ራሱ በማስተዋል እንዳይደክም!» መኳንንቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቃቀፉ፤ የሚቀርላቸው ድካም ኖሮ ሳይሆን የነበረው ልማዳቸው ሕጋዊ ስለ ሆነላቸው ነው።

አለቃ እንግዳሸት በአስተውሎት ፊት እንዲቀመጡና አገሪቱን ወደ አንደኛው ገጽ የሚያወጣ ጽሑፍ እንዲያጽፉ ታዘዙ፤ እምቢ ካሉ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ትውልድ መንደራቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው። አለቃም መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ «ስለ አገራችን ጻፍልኝ» ብለው ጻፉ።

«እጅግ ግሩም ጥያቄ ነው!» ሲል መለሰ አስተውሎት።

አለቃ በቤተ መንግሥት ባረጁበት ዘመን ሁሉ ጥያቄያቸውን ግሩም ያላቸው ሰው አልነበረም። ልባቸው እንደ ቅቤ ቀለጠ። ምን ያድርጉ፣ ሽማግሌም ሰው ነው። መነጽራቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ጽሑፉ አልቆ ይጠብቃቸዋል፦ «ፀጉርዎ እየሳሳ ነው? ብቻዎን አይደሉም! በዚህ ጽሑፍ ፀጉር አብቃይ ፍልውሃ ስላላት ስለዚህች አስደናቂ አገር ማወቅ የሚገባዎትን ሁሉ አብረን እንዳስሳለን።» ቀጥሎም ፀጉር አብቃዩ ፍልውሃ የት እንደሚገኝ፣ ፀጉር አብቃዩን ፍልውሃ መቼ መጎብኘት እንደሚሻል፣ ፀጉር አብቃዩ ፍልውሃ ለልጆች ይስማማ እንደሆነ በየንዑስ ርዕሱ ተተንትኗል።

አለቃ ደነገጡ። «በአገራችን ፍልውሃ የለም» ብለው ጻፉ።

«ትክክል ነዎት! ለስሕተቱ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለና አስተውሎት ጽሑፉን አሻሽሎ አቀረበ። አሁን ፍልውሃዎቹ ሁለት ሆነዋል።

አለቃ ምንዳርአለውን አስጠሩት። «ልጄ፣ ይህ ማሽን የሌለ ውሃ ያፈልቃል። ሦስተኛ እንዳይጨምርብኝ ፈርቼ እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።»

ምንዳርአለው ጽሑፉን አንብቦ ፊቱ በራ። «አለቃ፣ ይህ እኮ ወርቅ ነው! ፀጉርና ፍልውሃ! በዓለም ላይ ሰው ከእነዚህ አብልጦ የሚፈልገው ነገር የለም። ለጥንቃቄ አንዱን እናስቀርና በአንዱ እናውጣው።»

«አንዱስ ቢሆን የት አለና?»

«አለቃ፣ በድሮ ጊዜ የሚጻፈው ያለው ነበር፤ ዛሬ የሚጻፈው የሚፈለገው ነው። በሉ ስምዎን ከሥሩ ያኑሩበት፤ የሊቅ ስም ያለበትን ጽሑፍ ስልኩ ያከብራል።»

አለቃ የትውልድ መንደራቸውን ቁንጫ አስታወሱና ስማቸውን አኖሩ። ስሜ ይኑርበት እንጂ እጄ የለበትም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ብዙም ሳይቆይ ጽሑፉ ዶሮዋን አባሮ፣ ማሩን ገልብጦ፣ ፈገግተኛውንም ንጉሥ ገፍቶ በአንደኛው ገጽ ራስ ላይ ተቀመጠ። መድፍ ተተኮሰ። ምንዳርአለውም ካባ ለበሰ።

ካባው ገና ሳይታጠፍ ግን ከየአገሩ ራሰ በራዎች በበቅሎም በአውቶቡስም ይጎርፉ ጀመር። ጠዋት በኮረብታው ላይ ብቅ ሲሉ ሌላ ፀሐይ የወጣች ይመስል ነበር። መሪያቸው ነጋድራስ ልየው የሚባሉ የሩቅ አገር ነጋዴ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ወደ አለቃ ቤት መጥተው ሁለት እጃቸውን ያዙ።

«ጽሑፍዎን ሳነብ አለቀስሁ፤ ሚስቴም አለቀሰች» አሉ። «በሉ፣ ፍልውሃው በየት በኩል ነው?»

አለቃ እንግዶቹን ጥላ ሥር አስቀምጠው ወደ ቤተ መንግሥት ሮጡና ከንጉሡ እግር ወደቁ። «ጃንሆይ፣ ማሩኝ! እኛ እኮ ፍልውሃ የለንም!»

ንጉሡ ስልካቸውን ወደ አለቃ ፊት ዘረጉ። «እኔ ያነበብሁትን ላንብብልህ? ‹ፀጉር አብቃዩ ፍልውሃ› ይላል፤ አንደኛው ገጽ ላይ። የሚዋሸኝ እሱ ነው ወይስ አንተ?»

ጉባኤ ተጠራ። ፍርዱን የሰጡት አፈ ንጉሡ ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «በዚህ ጉዳይ ሁለት ምስክሮች ቀርበዋል። አንዱ ዓለም ሁሉ ያየው አንደኛው ገጽ ነው። ሁለተኛው ከበሬና ከገበሬ በቀር ማንም ዘወር ብሎ ያላየው መሬታችን ነው። መሬቱ ‹ፍልውሃ የለኝም› ማለቱ ወይ ከመርሳት ነው ወይ ከክፋት። ስለዚህ ጽሑፉ ይጽና፤ መሬቱ ይታረም!»

መሬቱም ታረመ። ከቤተ መንግሥቱ በታች ካለች ቀዝቃዛ ምንጭ አጠገብ ሰፊ ገንዳ ተቆፈረ፤ ከገንዳው ሥር እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ያለ እሳት ተበጀ፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ሌት ተቀን ይማገድ ጀመር። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ እንፋሎት እንደሆነ በአዋጅ ተነገረ፤ ጭስ ነው ብሎ የሳለ ሰውም መቀጮ እንዲከፍል ተወሰነ።

ነጋድራስ ልየው ገብተው ተነከሩ፣ ቀልተው ወጡ፣ ወዲያው መስታወት አስመጡ። «ምንም አላይም» አሉ ቅር እያላቸው።

«መስታወት ወሬ ዘግይቶ ነው የሚሰማ ነጋድራስ» አለ ምንዳርአለው። «ስልክዎን ይጠይቁ።»

ጠየቁ። ስልኩም «በዚህ ፍልውሃ የታጠበ ሰው ፀጉሩ ይበቅላል» አላቸው። ነጋድራስ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ። ከገበያም የቀንድ ማበጠሪያ ገዝተው እየዘፈኑ ተመለሱ።

አለቃ እንግዳሸት ይህን ሁሉ አይተው ወደ አስተውሎት ተመለሱ። «እውነቱን ንገረኝ፤ በአገራችን ፍልውሃ አለ?» ብለው ጻፉ። «እጅግ ግሩም ጥያቄ ነው! አዎ፣ አለ። ታላቁ ሊቅ አለቃ እንግዳሸት በሰፊው ጽፈውለታል» የሚል መልስ መጣላቸው።

ራሳቸውን ይዘው ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትርንጎን ነጠላ ሲያሰጡ አገኟቸው።

«ትርንጎ፣ ምስክሩ እኔው ራሴ ሆኜ ቀረሁ እኮ!»

«ታዲያ ምን ይከፋዎታል አለቃ? እኔ ዛሬ ጠዋት ታጥቤ መጣሁ፤ ያ የማይለቀኝ ወገቤ እንዴት እንደተሻለው!»

«ሙቅ ውሃ ስለሆነ ነዋ! በእንጨት የሞቀ!»

«ተዉ እንጂ አለቃ። እንጨትስ የእግዜር አይደለም?»

አለቃ ክርክሩን ትተው የነጠላውን ሌላ ጫፍ ያዙላቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ጎንበስ ቀና ሲሉ ካዩ ዓመታት አልፈው ነበርና።

ነገሩ በዚህ በቆመ መልካም ነበር። ነገር ግን ከአንደኛው ገጽ የተገፋው የጎረቤት ንጉሥ፣ እርሱም መላጣ ነበርና፣ በበኩሉ አስተውሎት አስመጥቶ ያጽፍ ጀመር። አስተውሎቱም «ፀጉር አብቃዩ ፍልውሃ ምንጩ ከማን ተራራ ሥር ነው? አስገራሚው እውነት!» የሚል ጽሑፍ ጽፎ ምንጩን ከጎረቤቱ ተራራ ሥር አደረገው። ጎረቤቱም ፍልውሃው የአያቶቼ ርስት ነው ብሎ ጦሩን በድንበሩ ወንዝ ማዶ አሰለፈ። የእኛዎቹም ወዲህ ተሰለፉ። በሁለቱም ወገን ገና ጢም ያላበቀሉ ወጣቶች ጠመንጃቸውን ታቅፈው ቆሙ።

ለዕርቅ ንግግር መኳንንቱን አስከትለው የተላኩት አለቃ እንግዳሸት ነበሩ። በድልድዩ መካከል ቆመው እነዚያን ልጆች ግራና ቀኝ አዩ፤ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«ጌቶቼ፣ ስለሌለ ነገር ደም አይፍሰስ! ፍልውሃ የሚባል የለም። ገንዳ ነው፤ በእንጨት የሚሞቅ። ጽሑፉንም የጻፈው ማሽን ነው።»

የጎረቤት አገር መልእክተኛ አለቃን ከእግር እስከ ራስ ገረመማቸው።

«አንቱ ሰው፣ የታላቁን ሊቅ የአለቃ እንግዳሸትን ቃል የሚያስተባብሉት ለመሆኑ ማን ነኝ ብለው ነው?»

«አለቃ እንግዳሸት እኔ ነኝ!»

መልእክተኛው ስልኩን አወጣና አለቃ እንግዳሸትን ፈለገ። አስተውሎት የሣለው ሥዕል መጣለት፤ ጢሙ እስከ እምብርት የወረደ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ እንደ ንስር የሆነ ሰው ነበር። ስልኩን ከአለቃ ፊት አጠገብ አድርጎ አነጻጸረ፤ ለወዳጆቹም አሳየ። «አይመሳሰሉም» አለ በሐዘን። የእኛም ወገን መኳንንት ተጠግተው አዩና «እውነትም አይመሳሰሉም» አሉ፤ አብረዋቸው ያረጁት ሁሉ።

አለቃ በድልድዩ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ወጣቶቹን ደግመው አዩ። ከዚያም በረጅሙ ተነፈሱና ወደ መልእክተኛው ጠጋ አሉ።

«መልካም። እንግዲያው እኔ እርሱ ባልሆንም የእርሱን አሳብ አውቃለሁ። ውሃው የእኛ ይሁን፤ እንፋሎቱ የእናንተ። እናንተ እንፋሎታችሁን ለመጠበቅ በየጊዜው ትመጣላችሁ፤ እኛም ውሃችንን ስናሞቅ... ስናመሰግን ማለቴ ነው፣ እናስተናግዳችኋለን።»

መልእክተኛው አሰበ፤ አስተውሎቱንም ጠየቀ። አስተውሎቱ «እጅግ ግሩም አሳብ ነው!» አለ። ጦሩ ወደየቤቱ ተበተነ፤ ልጆቹም ወንዙ ውስጥ ገብተው ተንቦጫረቁ።

በዕርቁ በዓል ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ተቀመጡ። ከበታች ግንዱ ይንጣጣል፤ ከበላይ የጎረቤት አገር ዘቦች እንፋሎታቸውን ቆመው ይጠብቃሉ። የጎረቤቱ ንጉሥ እርጥብ እጁን አውጥቶ አናቱን ዳሰሰ።

«ትንሽ የበቀለ ይመስለኛል» አለ በስጋት።

«በቅሏል!» አለ ምንዳርአለው። «በቅሏል!» አሉ መኳንንቱ በአንድ ድምፅ። ሕዝቡም ከአጥሩ ውጭ ሆኖ፣ ምን እንደበቀለ ሳያይ፣ እልል አለ። የጎረቤቱ ንጉሥ ግን ልቡ አላረፈምና በገንዳው ዳር ወደ ቆሙት ወደ አለቃ ዘወር ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገላቸው።

አለቃ እንግዳሸት መነጽራቸውን ከጭጋጉ ጠረጉ፤ ጎንበስ ብለው እንደ መስታወት የሚያበራውን አናት በጥሞና መረመሩት።

«ከጆሮ በላይ ትንሽ መከርከም ሳይፈልግ አይቀርም» አሉ።