ለሜዲካል ስኩል የተላከ ሽማግሌ

እኛ ሰዎች ከባድ ነገር በገዛ አፋችን መናገር አይሆንልንም። እንልካለን። ለመርዶ ሰው እንልካለን፣ ለትዳር ሽማግሌ እንልካለን፣ ለእርቅም እንዲሁ፤ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ዝቅ እንዲያደርግ እንኳ ፊት ለፊት ከመንገር የአጎቱን ልጅ አፈላልገን እናስነግራለን። አሜሪካ ገብተን በየኪሳችን ስልክ ሲገባ ይኼ ነገር የሚቀር መስሎኝ ነበር። የት ይቀራል! እናንተስ፣ እስቲ እውነቱን እናውራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለሰው ከባድ ነገር የነገራችሁት በራሳችሁ አፍ ነው?

እኔ በዚህ ልማድ ስስቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን አልስቅበትም፤ ዶክተር ያደረገኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኞችን ኢንሹራንስ ስመዘግብ ከረምኩና፣ እኩዮቼን ትዳርና ቤት መግዛት ሲያምራቸው እኔን ሕክምና አማረኝ። ዲግሪ ያለው ሰው ተመልሶ የሳይንስ ኮርሶችን የሚወስድበት ፖስት ባክ የሚሉት ነገር አለ። ከሥራ ስወጣ እዚያ እሄዳለሁ። ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ወንበር ይለቁልኛል፣ በር ይከፍቱልኛል፣ «ማም» ይሉኛል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም ያለው ማን ነው?

በመጨረሻ ለሜዲካል ስኩል አፕላይ አደረግኩ። አንድ ትምህርት ቤት እንኳ በተቀበለኝ ብዬ ስጸልይ ሁለት ተቀበሉኝ። እልልታው ሳምንት አልቆየም፤ ሁለቱን ይዤ መቀመጥ እንደማይቻል፣ ሚያዝያ ሳያልቅ አንዱን መርጬ ሌላውን መልቀቅ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ምንም ሳይኖረኝ እንዲያ በሰላም የተኛሁ ሴትዮ፣ ሁለት ሲኖረኝ እንቅልፍ አጣሁ።

አንዱ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ትልቅ ነው፣ ስሙን የጠራሁለት ሰው ሁሉ ቅንድቡን ያነሳል። ሌላው ሁለት አውሮፕላን ተለዋውጦ የሚደረስበት፣ በረዶ ከሰው የሚበዛበት ከተማ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ለኢንተርቪው ስሄድ ያነጋገሩኝ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ስለ ውጤቴ ምንም አልጠየቁኝም። «በሽተኞቹ፣ ስትመዘግቢያቸው ምን ያወሩሽ ነበር?» አሉኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳወራ ሰዓቱ አለቀ። ሲመሽ አውሮፕላን ላይ ስወጣ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር።

ግን እማዬ አለች። እማዬ ከእኔ ጋር እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ታሟል፣ ድራይቭ አታደርግም፣ እንግሊዝኛዋም ከሰላምታ አይዘልም። አባቴ አርፏል፣ ወንድም እህት የለኝም። ከቫን ናይስ ወደ ቸርች፣ ወደ ሐኪም፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ሰፈር ፌርፋክስ ወርዶ በርበሬ ለመግዛትም መኪና ያስፈልጋል። የእማዬ መኪና እኔ ነኝ። ታዲያ ምኑን እመርጣለሁ?

ፌርፋክስ ግን መረጠልኝ። ምሳ ልበላ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ነገሩ ከአፌ አመለጠኝና ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተዛመተ። እዚያ ሰፈር ምክር በነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው ፓርኪንጉ ብቻ ነው። «ታዲያ ስም ያለው እያለ ምን ያሳስባል?» አለች አስተናጋጇ፣ እንጀራዬን እያስቀመጠች። ጥግ ላይ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ «እናትሽን ጥለሽ? ኧረ በስመ አብ!» አለኝ። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውም ሳይስማማ አልቀረም።

ፌርፋክስ ሁሉ ሲናገር አንድ ቃል ያልተነፈሰችው እማዬ ብቻ ናት። ስጠይቃት፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» ትላለች። ደግሜ ስጠይቃት፣ «ጌታ ያውቃል» ትላለች። እኔም ጌታም አውቀን እሷ ብቻ የማታውቅበት ምክንያት አይገባኝም ነበር። ቅርቡን እመርጣለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሆኖም ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር መልሱን ሳልልክ እዘጋዋለሁ።

በዚህ መሀል ጋሼ ወርቅነህ ደወሉ።

ጋሼ ወርቅነህን ፌርፋክስ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዘመናቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ቀንደኛ ሽማግሌ ናቸው። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ የተላኩትን አያደርሱም። አንዱ የሬስቶራንት ሸሪኩን «እንለያይ በሉልኝ» ብሎ ቢልካቸው አስታርቀው ተመለሱ፤ ሬስቶራንቱ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። አንዲት ልጅ ለትዳር እንዲጠይቁ ተልከው ደግሞ፣ ልጅቷ ነርሲንግ ጀምራ ስላገኟት ለሙሽራው ወገን «ትጨርስ፣ ያኔ እንመለሳለን» የሚል መልስ ይዘው መጡ። መልሱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ሰው እየተማረረ ይልካቸዋል።

«እሁድ እንመጣለን፤ ጉዳይ አለን» አሉኝ።

ያላገባች ሴት «ሽማግሌ ሊመጣ ነው» ስትባል ምን ታስባለች? ማነው ደግሞ ሰውየው አልኩ። እማዬን ብጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቄ!» ብላ ሽሮውንና ጎመኑን ሠራች። ጋሼ ወርቅነህ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ወሩም የጾም ነበር፤ ጴንጤዋ እናቴ ምንም ሳታውቅ የጾም ምግብ መሥራቷ ያኔ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። እሁድ ደርሶ ከቸርች ልወስዳት ስል ደግሞ፣ «ጸሎት አለን፣ እህቶች ያደርሱኛል፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ጋሼ ወርቅነህ፣ የድሮ የታክሲ ጓደኛቸው አቶ ግርማና ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ ዝምተኛ ሰው። በዚያ ሙቀት ሦስቱም ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብል ማንም አልተቀመጠም።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ወርቅነህ። «አስቀድመሽ እሺ በይን።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው ጋሼ?»

«እሺ ካልሽ በኋላ ይነገርሻል።»

ይህን የአሜሪካ ጠበቃ ቢሰማ ራሱን ይስት ነበር። አቶ ግርማ ግን ሳያዝኑልኝ አልቀሩም፤ «እናትሽ ናት የላከችን። ስለ ትምህርትሽ ነው» ብለው ሹክ አሉኝ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እማዬ አትሂጂብኝ ማለት አቅቷት ሽማግሌ ላከች። ደግሞስ ምን ጥፋት አለባት? ጋሼ ወርቅነህን አየኋቸው፤ መቆሙ ከብዷቸው የሶፋውን ጀርባ ይዘዋል። በሰባ ዓመታቸው ለእኔ ብለው ቆመዋል።

«እሺ» አልኩ። እንባዬ ስለቀደመኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጋሼ ወርቅነህ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ። «ለመሆኑ ምን ልንልሽ የመጣን መሰለሽ?»

«ቅሪ ልትሉኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አላለቀስኩም።»

አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ልጃችን እንዳለችው...» ብለው ሲጀምሩ ጋሼ ወርቅነህ ክንዳቸውን ያዙና፣ «ተሳስተሻል» አሉኝ። «እኛ የመጣነው ሂጂ ልንልሽ ነው። ልብሽ ወደ ወደደው ሂጂ። እሺ ብለሻል፤ ሽማግሌ አታሳፍሪም።»

አቶ ግርማ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ሙቀቱ መስሎኝ ውኃ ሰጠኋቸው።

«እማዬስ?» አልኩ።

«ለእናትሽ መኪናው እኔ ነኝ» አሉና ጋሼ ወርቅነህ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

እማዬ ስትገባ ምሳ ላይ ነበርን። «ጨርሰናል እትዬ አስካለ። እሺ ብላለች፤ ትሄዳለች» አሏት። እማዬ የበሩን እጀታ እንደያዘች፣ «ተመስገን» አለችና ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ፣ «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» አለች። ምግቡ ግን ከቀረበ ቆይቷል።

ሄድኩ። በረዶው እንዳሉት ነው፣ ሰዎቹ ግን ካሉት ይበልጣሉ። ጋሼ ወርቅነህም ቃላቸውን ጠበቁ። እሁድ እሁድ ቅዳሴያቸውን አስቀድሰው ሲወጡ ቫን ናይስ ድረስ መጥተው እማዬን ወደ ቸርቿ ይወስዳሉ። ራሳቸው አይገቡም። ፓርኪንግ ውስጥ መስኮታቸውን ከፍተው ስብከቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። «ሃሌሉያችሁ ውጭ ድረስ ይሰማል» እያሉ ያማርራሉ አሉ፤ መስኮቱን ግን አንድም ቀን አልዘጉትም። የተማርኩባቸውን ዓመታት ሁሉ እንዲህ አደረጉ። እኔ ምን ብዬ አመሰግናቸዋለሁ? ስደውልላቸው፣ «አጥኚ፣ አጥኚ» ብለው ይዘጉብኛል።

ተመርቄ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለሆስፒታል ልምምዱ፣ ሎስ አንጀለስ ደረሰኝ። ሽማግሌዎቹ እኔንና እማዬን ፌርፋክስ ምሳ ጋበዙን። ያቺ አስተናጋጅ፣ «እኔ እኮ ያኔውኑ ሂጂ ብዬሽ ነበር» ብላ አቀፈችኝ። አቶ ግርማ ከጎኔ ተቀምጠው ነበርና ሳቃቸው መጣ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አሁንማ ልንገርሽ» አሉኝ። «እኛ የተላክነው ቅሪ ልንልሽ ነበር። እናትሽ በግልጽ ነው የነገረችን። ይኼ ሰውዬ ነው የገለበጠው።»

እማዬን አየኋት፤ ከጋሼ ወርቅነህ ጋር ስለ ፓርኪንግ እየተሟገተች ነው። ያን ሁሉ ዓመት «ሂጂ ያለችኝ እናቴ ናት» እያልኩ ስመካ፣ እሷ ያልጠየቀችውን ብቸኝነት ተሸክማ ኖራለች ማለት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ፍሪዌይ ላይ መታገሥ አቃተኝ።

«እማዬ፣ ያኔ ሽማግሌ ስትልኪ ምን በሏት ብለሽ ነበር?»

«ቅሪ በሏት።»

«ታዲያ ጋሼ ወርቅነህ ሂጂ ሲሉኝ አልከፋሽም?»

ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ፌርፋክስ ላይ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው? የላኩትን ቃል በቃል የሚያደርስ ሞልቷል። እኔ ማንን ነው የላክሁት?»

«ጋሼ ወርቅነህን» አልኩ።

«ሂጂ እንዳልልሽ አንጀቴ አልችል አለኝ» አለች። «ቅሪ ብልሽ ደግሞ ትቀሪ ነበር።»

መሪውን ይዤ አፍንጫዬን ስስብ፣ እማዬ በጣቷ መስኮቱን አንኳኳች።

«ይኸው፣ መውጫችንን አለፍሽው! ዶክተር ሆነሽም መንገድ አታዪም።»

እውነቷን ነው። መንገዱ ፈጽሞ አይታየኝም ነበር።