የኮራል ለቅሶ በቬሊንግቢ

ባሕርን ከጥፋት ለማዳን ወደ ባሕሩ ደጋግሞ መሄድ እንደሚያስፈልግ በመጀመሪያ የተረዱት በባሕሩ ዳር የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች አይደሉም። እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። ይህን ታላቅ እውነት የደረሰበት በስቶክሆልም ምዕራብ፣ በቬሊንግቢ መዋኛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሚሰበሰበው የጠላቂዎች ማኅበር ነው። የማኅበሩ መመሪያ አጭር ነው፤ ያላዩትን አይወዱም፣ ያልወደዱትን አይጠብቁም ይላል። ስለዚህ አባላቱ በየዓመቱ በየካቲት፣ ስቶክሆልም በረዶ ለብሳ በምትተኛበት ወር፣ ግማሽ ዓለም በአውሮፕላን አቋርጠው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለች አንዲት ደሴት ይሄዳሉ። እዚያም የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ይጠልቁና ኮራሉን ያዩታል፣ ይወዱታል፣ ይጠብቁታል። ኮራል ድንጋይ የሚመስል ግን ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ እየተደራረበ ሲያድግ የዓሣ ከተማ ይሆናል። ከተማው በየዓመቱ እየተጎዳ ስለሄደ ጥበቃውም በየዓመቱ መጠናከር ነበረበት። በስድስት ሰው የተጀመረው ጥበቃ ሃያ ሰው ደረሰ።

ከሃያዎቹ አንዱ ደጀኔ ነበር፤ አንዱ ብቻም አይደለም፣ የጉዞው መሪ ነው። ተወልዶ ያደገው ወለጋ፣ ከባሕር ይቅርና ከደህና ወንዝ በራቀ ኮረብታ ላይ ነው። መዋኘት የተማረው በአርባ ዓመቱ፣ እዚሁ ቬሊንግቢ፣ ክንዳቸው ላይ ፊኛ ካሰሩ የስዊድን ሕፃናት ጋር ተሰልፎ ነው። በአዘቦት ቀን በየአረጋውያኑ ቤት እየዞረ ካልሲ ያለብሳል፣ መድኃኒት ያስውጣል። አረጋውያኑ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል፤ ይነግራቸዋል፤ በማግስቱም ይጠይቁታል። ከውሃ ሥር ግን ማንም አይጠይቀውም፤ የሁሉም አፍ በአየር ቱቦ ተይዟል። እዚያ ደጀኔ እጁን ወደ ግራ ካመለከተ መሐንዲሱም ሐኪሙም ወደ ግራ ይዞራሉ። ለዚያች አንድ ሳምንት ሲል ዓመቱን ሙሉ ካልሲ ያለብሳል።

በአውሮፓውያኑ 1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቀ። ኮራሉ እንደ አጥንት ነጣ። በመከር ወራት አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማርጋሬታ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ወደ ደጀኔ ቤት ደወለች። ደጀኔ ብዙ አዳመጠ፣ ጥቂት ተናገረ፣ ስልኩን ዘጋ።

"ምን ሆነች?" አለች ሚስቱ ተጂቱ።

"እያለቀሰች ነው። ኮራሉ ሞተ።"

"ድንጋዩ?"

"ድንጋይ አይደለም፣ ስንቴ ልንገርሽ። ነፍስ ያለው ነው።"

"እሺ፣ ነፍስ ያለው ይሁን። እቤቷ ማን አለ?"

"ማንም። ብቻዋን ናት።"

"ብቻዋን እያለቀሰች ነው፤ አንተ ደግሞ ስልክ ዘግተህ ቁጭ ብለሃል።"

"ምን ላድርግ? ስዊድኖች ለቅሶ አይደራረሱም።"

"ለዚህ ነዋ ብቻዋን የምታለቅሰው" አለች ተጂቱ፣ ስልኩን ወደ ራሷ እየሳበች። "እኔ የምጠይቀው ድንጋዩን አይደለም፣ ሴትዮዋን ነው። ያለቀሰ ሰው ይጠየቃል።"

ተጂቱ አልቢ በሚባለው የከተማው ደቡባዊ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ስለሆነች፣ አንድ ስልክ ከደወለች ድስት የሚጣድባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት ለቅሶ ደራሾቹ ድስታቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ቱነልባና የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ቀይረው፣ ቬሊንግቢ፣ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ምድር ቤት ደረሱ። ፊት ፊት የሚመሩት ኦቦ ኡርጌሳ ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ይከተሏቸዋል። ኦቦ ኡርጌሳ በአገራቸው ሳሉ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ ስዊድን ከመጡ ወዲህ ግን ደም የሚቃባ ጠፍቶ፣ በጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተራ የተጣሉትን ብቻ ያስታርቃሉ።

ማኅበሩ በዚያች ሰዓት ከባድ አጀንዳ ላይ ነበር። በኮራሉ ላይ ጫና ላለማብዛት የዘንድሮው ጉዞ ወደ ስድስት ሰው ዝቅ እንዲል ገና መወሰኑ ነው። የቀረው ስድስቱን መምረጥ ነበር፤ ደጀኔም አንደኛው እሱ እንደሚሆን አልተጠራጠረም፤ ያልጠረጠረ ምን እንደሚሆን ተረቱ ይናገራል።

በሩ ተከፈተና ለቅሶ ደራሾቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሴቶቹ ማርጋሬታን አቅፈው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት። ከዚያ ሁሉም በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠው ዝም አሉ። ስዊድኖች በዝምታ የታወቁ ሕዝብ ናቸው፤ ያን ቀን ግን ከራሳቸው ዝምታ የበለጠ ዝምታ ገጠማቸው። ለፊካ፣ ለስዊድኖቹ የቡና ሰዓት፣ የተዘረጋውን ኬክ ማንም አልደፈረም።

ኦቦ ኡርጌሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደጀኔ፣ ጠይቅልኝ። ሟች በምን ሞተ?"

ደጀኔ ጠየቀ፣ መለሰም። "በሙቀት ነው ትላለች።"

"ማን አሞቀው?"

"ጭስ። የፋብሪካ፣ የመኪና፣ የአውሮፕላን።"

"አውሮፕላኑ ወዴት የሚሄድ ነው?"

ይህን ደጀኔ አልተረጎመም። "ወደ ብዙ ቦታ" አለ በራሱ።

"ወደ ደሴቲቱም ይሄዳል?"

"ይሄዳል።"

"ማንን ጭኖ?"

ደጀኔ ኬኩን አየ። "እኛን።"

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በአገራችን ገዳይ ለቅሶ አይቀመጥም። ደም ሲፈስ ገዳይ ከሟች ቀዬ ይርቃል፤ ሽማግሌ ገብቶ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ እስኪያልቅ እዚያ አይረግጥም፣ ከዚያ ውሃ አይቀምስም። ንገራቸው። ሐዘናችሁ እውነት ከሆነ አትሂዱ በላቸው።"

ስዊድኖቹ ሁሉ ወደ ደጀኔ ዞሩ። ደጀኔ በዚያች ቅጽበት ሰማያዊውን ውሃ አየ፤ እጁን ወደ ግራ ሲያመለክት፣ መሐንዲሱና ሐኪሙ ሲዞሩ አየ። የሰው ልጅ በታላቅ ፈተና ጊዜ እውነቱን እንደሚናገር በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ደጀኔ እነዚያን መጻሕፍት ከአነበበ ቆይቷል።

"ገዳይና ሟች ሳይገናኙ እርቅ የለም ይላሉ" አለ በስዊድንኛ። "እርቁ ሟች ባለበት ቦታ መደረግ አለበት። ስለዚህ ሐዘናችሁ እውነት ከሆነ ሂዱ ነው የሚሉት።"

ከእናቷ ጋር መጥታ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ ሶረቲ በስዊድንኛ አንሾካሾከች። "አባዬ፣ እንደዚህ አላሉም።"

"ትርጉም ሰፊ ሙያ ነው" አላት በአማርኛ።

ማርጋሬታ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተነሣች። እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥበብ በሕይወቷ ሰምታ እንደማታውቅ፣ እርቁም ያለ ሽማግሌዎቹ ሊደረግ እንደማይችል ተናገረች። ለባህል ልውውጥ የተመደበ ድጋፍ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ከማኅበሩ ጋር መሄድ አለባቸው። አባላቱ አጨበጨቡ።

ደጀኔ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ሦስት ሽማግሌ፣ ማርጋሬታ፤ ሁለት ቦታ ይቀራል። ደግሞስ ኦቦ ኡርጌሳ አትሂዱ ያሉ ሰው ናቸው፣ መቼም አይሄዱም። ተጽናንቶ ግብዣውን ከነስድስት ቦታው ተረጎመላቸው።

ሽማግሌው አሰቡ።

"ደሴቲቱ ብርድ አላት?"

"የላትም።"

"በየካቲትም?"

"በየካቲትም።"

በመስኮቱ ውጭ የኅዳር ዝናብ ወደ በረዶነት ሊለወጥ ይሞክር ነበር። ኦቦ ኡርጌሳ አዩት።

"ሽማግሌ ገዳይ አይደለም" አሉ። "ሽማግሌ ቢሄድ ነውር የለበትም። ከገዳይ ወገን አንድ ተወካይ ይበቃል፤ ማርጋሬታ ትሁን። ከአልቃሽ ወገን ተጂቱ ትሂድ፣ ለቅሶውን የጠራችው እሷ ናት።"

"አስተርጓሚስ?" አለ ደጀኔ ቶሎ ብሎ። "ያለ እኔ አትግባቡም።"

"ስንት ጊዜ ሄደሃል?"

"አምስት።"

"ሟችን ነክተኸው ታውቃለህ?"

"አንዴ፣ በእግሬ መቅዘፊያ። ሳላስበው።"

"ሰው በእርግጫ የሚሞተውም አንዴ ነው" አሉ ኦቦ ኡርጌሳ። "አስተርጓሚ ደም የሌለበት መሆን አለበት። ሶረቲ፣ አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"ኔይ" አለች ሶረቲ፣ አልሄድኩም ለማለት።

"ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች፣ እጇ ንጹሕ ነው። ስድስት ሞላ።"

ደጀኔ ያን ጊዜ ለእውነት ያለው ፍቅር ተነሣበት። ወደ ማርጋሬታ ዞሮ፣ ቀድሞ የተረጎመው ልክ እንዳልነበረ፣ ሽማግሌው ያሉት "አትሂዱ" እንደነበረ ተናዘዘ። ማርጋሬታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

"ደጀኔ፣ ባህላችሁን አንተ ራስህ ነህ ያስተማርከኝ። የተጋበዘ ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል። ለወዳጆችህ ብለህ ይሉኝታ ይዞህ ነው። አይሆንም፣ ይሄዳሉ።"

በየካቲት ደጀኔ ስድስቱን እስከ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኛቸው። ኦቦ ኡርጌሳ በክረምት ካፖርታቸው ላይ የገለባ ባርኔጣ ደፍተው ነበር። ከስድስቱ ውጭ የሆኑት የማኅበሩ አባላት ቅር ስላላቸው በየግላቸው ትኬት ቆርጠው በየባሕሩ ተበተኑ። ደጀኔ ግን ቀረ፤ ብቻውን ቢሄድ የሚመራው ሰው የለም።

ከአራት ቀን በኋላ ተጂቱ ደወለች።

"እርቁ እንዴት ሆነ?" አለ።

"ኦቦ ኡርጌሳ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጸለዩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መውጣት እምቢ አሉ። አሁን ማርጋሬታ በቱቦ መተንፈስ እያስተማረቻቸው ነው። ደህና ይዘውታል።"

"ኮራሉስ?"

"እሱማ እንደሞተ ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ከባድ ነው ብለዋል። ሟች ዝም ስላለ በአንድ መምጣት አያልቅም፣ በየዓመቱ መመላለስ ይጠይቃል። ሦስት ሽማግሌም አይበቃም፣ የሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለት መሆን አለባቸው። በል፣ ጀልባው ሊሄድብኝ ነው።"

በግንቦት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተደረገ። በዓመቱ ውስጥ ባሕሩን በምሳሌነት የጠበቀ አባል እንዲሸለም ተወስኖ ነበርና መዝገብ ተገላበጠ። ያልበረረ፣ ኮራል ያልረገጠ፣ ያልነካ አባል ተፈለገ፤ ከማኅበሩ ሁሉ አንድ ሰው ተገኘ። ደጀኔ ወደ መድረኩ ሲወጣ ሁሉም ቆመው አጨበጨቡለት፤ ማርጋሬታም በፀሐይ በጠቆረ እጇ ፖስታውን ሰጠችው።

በውስጡ ወደ ደሴቲቱ የደርሶ መልስ ትኬት ነበር። ደጀኔ ለባሕሩ ሲል ተቀበለ።