ከማደሱ በፊት የሚጠይቅ ሰው

ታኅሣሥ 12 ቀን 1991 ዓ.ም. ጸጋአብ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሲወጣ፣ ይሠራው የነበረው የማህደር ማደሻ ገጽ አላለቀም ነበር። ሁለቱ አዝራሮች ተጽፎባቸዋል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። በማግስቱ ልቡ ቆመ።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። ሌላው ሥራውን ጨርሶ ኮቱን ሲደርብ፣ እሱ ገና «ባለቤቱ ያውቃል?» ይላል። ንፋስ ስልክ ባለው የምህንድስና ቢሮ ይህን ማዕረግ የያዘው ሊቀ ጠያቂያን ጸጋአብ ነበር። የሚኒባስ መስኮት ለመዝጋት ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ያስፈቅዳል። አሮጌ ጋዜጣ ለመጣል ሦስት ቀን ማስታወቂያ ይለጥፋል።

«አንተ እኮ ገጽ ስትገልጥም ጋዜጣውን ይቅርታ ትጠይቃለህ!» ይሉት ነበር ሥራ አስኪያጁ አቶ ወጋየሁ።

የመዝገብ ክፍሏ ውብነሽ አትስቅም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች፣ የተቀደደ ፖስታ እንኳ ያለ ቁጥር የማታሳልፍ ናት። የሰነዶች ዋና ቅጂ በአንድ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ሁሉም በየራሱ ቅጂ ይሠራና ማህደሩን ከዋናው ጋር ያድሳል። በአሮጌው ፕሮግራም ማደስ ማለት አንድ አዝራር መጫን ነበር። አንድ ቀን ስትጫነው፣ ሌላ ሰው ከዋናው ላይ የሰረዘው ማህደር ከእሷም ዘንድ ጠፋ፤ የአራት ወር ማውጫዋ አብሮ ሄደ። ጸጋአብ አዲሱን ገጽ የጀመረው ያኔ ነው። ገጹ የሚመጣውን፣ የሚለወጠውንና የሚጠፋውን አስቀድሞ ይዘረዝራል፤ ከዚያ ይጠይቃል። በአዝራሮቹ ቃል ሁለት ወር ተጨቃጨቁ።

«‹አጥፋ› ብለህ ጻፍና ይለቅ!»

«ውቤ፣ ‹ላጥፋው?› ይበል እንጂ። ኮምፒውተርም ትሕትና ይማር።»

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ወጋየሁ ወደ ውብነሽ መጡ። «ኮምፒውተሩን ለአዲሱ ሠራተኛ ልንሰጠው ነው። ከዋናው አድሺውና አስረክቢ።»

«የጸጋአብ ሥራ እኮ ዋናው ላይ አልገባም። ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ ከታደሰ ይጠፋል።»

«ያላለቀ ሥራ ምን ያደርግልናል? በአንዱ አዝራር እንቀጥላለን።»

ውብነሽ የጸጋአብ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የእሱን ገጽ ከፈተች። ገጹ በትዕግሥት ዘረዘረ። የመጨረሻው መስመር «የጸጋአብ ማህደር በዋናው ላይ የለም። ላጥፋው? ላቆየው?» ይላል። ሁለት ወር ያናደዳት ጥያቄ ዓይኗን በእንባ ሞላው። «ላቆየው» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ማህደሩን እንዳለ ወደ ዋናው አስገባችና «ምክንያት» በሚለው ቦታ ጻፈች፦ «አላለቀም። ባለቤቱ ሞቷል። እኔን ሳትጠይቁ እንዳትሰርዙ። ውብነሽ።»

አቶ ወጋየሁ ቆመው አነበቡ። «ሌላ ጠያቂ ተተካልን» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ወጡ።

ጸጋአብ ያን የመጨረሻ ቀን ከቢሮ ወጥቶ የት እንደሄደ ለውብነሽ የነገሯት በእድር አብረውት የነበሩት ወይዘሮ ገዲሴ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት፣ እግራቸውን ዘርግተው። ሦስት ቀብር ላይ ስላልተገኙ እድሩ ሊሰርዛቸው ነበር። ጸጋአብ ፉሪ ድረስ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ። «‹እማማ፣ ምን ሆነው ቀሩ?› አለኝ። የእግሬን እብጠት አሳየሁት።» ተመልሶ ለእድሩ ጸሐፊ «ታመው ነው» አለ፤ ስማቸው ከመዝገቡ ሳይሰረዝ መቅረቱን ቆሞ አየና ወደ ቤቱ ገባ።