ወይዘሮ ዘሪቱ፣ ጠርሙሷና የእህቴ ኪኒን

ማንም ያልሾማት ሐኪም የሌለችበት ሕንፃ በዓለም ላይ የለም። አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አለ፤ ውሃ የሚቋረጥበት አለ፤ እሷ የሌለችበት ግን ገና አልተሠራም። ቂርያት ማላኪ ከተማ ላለው ሕንፃችን የደረሰችው ክብርት ወይዘሮ ዘሪቱ ናት፤ ቀን የጽዳት ሠራተኛ፣ ማታ የአፍንጫ ፕሮፌሰር።

ማዕረጉን ያገኘችው ጎረቤት ከተማ ገዴራ ውስጥ ከተሰጠ የአንድ ወር ኩርስ ነው። ከአበባና ከቅጠል የወጣ ዘይት እያሸተቱ የከፋውን ስሜት ማከም ይሉታል። ትምህርቱ በዕብራይስጥ ስለነበር ግማሹን ሰማች፤ ግማሹን ራሷ ሞላችው። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዋ ውስጥ ትንንሽ ጠርሙሶች ይንቃጨላሉ፤ እኛም ድምፁን ስንሰማ በር እንዘጋለን። "ኪኒን ሆድ ይገባል፤ ሽታ ነፍስ ይገባል! ያላ፣ ቶሎ በል፣ አሽትት!" ትላለች።

ላዘነ ላቬንደር፣ ለተቆጣ ብርቱካን፣ ለሰነፈ ናና። ሽታ ምች ያመጣል ባዩ ጎረቤታችን አባ ማለደ ደረጃ ላይ ካገኟት አፍንጫቸውን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ጎረምሳ ይሮጣሉ። አንድ ቀን ወደ ገዴራ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ መስኮት ተጣሉ፤ አንዱ ይከፈት፣ አንዱ ይዘጋ። ዘሪቱ ተነስታ ግማሽ ጠርሙስ ናና መሐላቸው አንጠባጠበች። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አስነጠሰ። ሁለቱ ጠበኞች በአንድ አፍ "ዲ! በቃሽ!" ብለው ጮኹባት። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ "አየህ ደባሱ፣ ተስማሙ፤ መስኮቱም ተከፈተ" አለችኝ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅሁ። ሳቄ የቆመው ነገሩ እህቴ ማሪቱ ቤት ሲገባ ነው።

ማሪቱ ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልቧ ጨልሞ ከፋብሪካ ሥራዋ ቀርታ ነበር። የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ሕመም ለጎረቤት አይናገርም፤ "ራሷን አሟት ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን ቀስ በቀስ አነሳት፤ መሳቅም ጀመረች። ከዚያ አንድ ቀን፣ "ኪኒኑን ትቸዋለሁ። የዘሪቱ ሽታ ይበቃኛል፤ ሽታ ማሽተት ማንንም አያሳፍርም" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ደረጃውን ወርጄ የዘሪቱን በር ደበደብሁ። "እህቴ አንድ ነገር ብትሆን ደሟ በእጅሽ ነው!" አልኋት። ከዚያ በኋላ ተኳረፍን። ማሪቱንም ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፤ "ደህና ነኝ አልሁህ" ከማለት በቀር አልሰማችኝም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ ሥራ ላይ ሆኜም ልቤ እሷ ጋ ነበር፣ ስልክ በጠራ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ዘሪቱ ናት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እህትህ በር ላይ ላቬንደር አይሸትም። ትናንትም አልሸተተም።"

"በስልክ ደህና ነኝ ብላኛለች።"

"አፍ ይዋሻል! ቁልፉን አምጣ!"

ለካ ከጮህሁባት ቀን ጀምሮ፣ በሚያማት ጉልበቷ ጠዋትና ማታ ሦስተኛ ፎቅ እየወጣች፣ ሳታንኳኳ በሩን አሽትታ ትመለስ ኖሯል።

ከፈትን። ማሪቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ያመጣሁላት ምግብ አልተነካም፤ ጠርሙሱም እንደተከደነ ነው። "እሱን ለመክፈት እንኳ አቅም አጣሁ" አለች። ዘሪቱ ቦርሳዋን ከነጠርሙሶቹ ወለሉ ላይ ጣለችውና አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

"ተነሽ ማሪትዬ፣ እኔ አለብስሻለሁ። ኩፓት ሆሊም፣ ሐኪምሽ ጋ፣ አብረን እንሄዳለን። ማፈሩን ለእኔ ተይልኝ።"

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ፣ ዶክተር ሲቫን፣ ይህን ኪኒን በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑን አስረዳችን። ሽታው ደስ ካሰኛት ታሽትት፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም አለች። ክርክር ጠበቅሁ። ዘሪቱ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ቤሰደር፣ እሺ ዶክተር፣ ጻፊላት" አለች። ፕሮፌሰርነቷ አላስቀምጥ ብሏት፣ "አንቺም የደከመሽ ትመስያለሽ፤ ነገ ብርቱካን አመጣልሻለሁ" ብላ አከለች።

አሁን ዘሪቱ ማታ ማታ ወደ እህቴ ትወጣለች። "መጀመሪያ ዋጪ!" ብላ ቆማ ታያታለች፤ ከዚያ ጠርሙሱ ይከፈታል። ማሪቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ ግን ራሷ ተነስታ በር ትከፍትላታለች። ሽታው ከሷ ቤት ወጥቶ ደረጃውን ሁሉ ሞልቶታል።

በቀደም በሕንፃው ስብሰባ ላይ ሊኦር የሚባል ጎረቤታችን ይህ ሽታ ይከልከል ብሎ ተነሳ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ከዘሪቱ ጋር መጣላቴን እንጂ መታረቃችንን አልሰሙማ። ዘሪቱም አቀርቅራ ፍርዴን ጠበቀች። እኔ ማታ ከሥራ ገብቼ ያ ሽታ ሲቀበለኝ፣ እህቴ ዛሬም ተነስታለች ብዬ ነው ጫማዬን የማወልቀው።

"ይሽተት!" አልኋቸው። "ያልተመቸው አፍንጫውን ይያዝ!"