ሳትለመን የተከበረችው እምቢታዬ

ሰው ሲያነብ ይለወጣል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም እሰማ ነበር፤ ወዴት እንደሚለወጥ የነገረኝ ሰው ግን የለም። አሰላ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለፈተና የሚነበበውን ስከፍት እንቅልፌ ይመጣል፤ ከፈተና ጋር የማይገናኝ መጽሐፍ ስይዝ ደግሞ እንቅልፌ ብን ብሎ ይጠፋል። እናንተም እንዲህ ከሆናችሁ፣ እሰየው፣ ብቻዬን አይደለሁም።

ሰሞኑን ከመናኸሪያው አጠገብ ከመጽሐፍ አዟሪ ላይ የገዛሁት «እምቢ» ማለትን የሚያስተምር መጽሐፍ ነበር። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስደርስ ያደግሁበት አገር በሙሉ ተሳስቶ እንደኖረ ገባኝ። መጽሐፉ እንደሚለው፣ የማይፈልጉትን ነገር ሲጋበዙ አንድ ጊዜ «አይ» ማለት ነው፤ ምክንያት መደርደር የለም፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያዋ እምቢታ ሰላምታ ናት፣ ሁለተኛዋ ጨዋነት። ሰውየው የምሩን መሆኑ የሚታወቀው ከሦስተኛዋ በኋላ ነው፤ ያውም «በሞቴ» ተብሎ ከሆነ። ምዕራፍ ሦስትን ጨረስኩና አራትን ሳልጀምር መጽሐፉን ዘጋሁት። የሚበቃኝን አግኝቼ ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ያደረግሁት ሳጉሬ፣ ጓደኛዬ ጀማል ቤት ነው። ጀማል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራኝ፣ አሁን ከአባቱ ጋር እህል የሚነግድ ልጅ ነው። እናቱ አዴ ሀሊማ እንደ ልማዳቸው ጩኮ አቀረቡልኝ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ እኔ ደግሞ ለጩኮ ሟች ነኝ።

«አልበላም» አልኩ። ለመኑኝ። «አልበላም።» ደግመው ለመኑኝ። «አልበላም።»

አዴ ሀሊማ ግንባሬን ዳሰሱና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ጀማል፣ ይህ ልጅ ታሟል፤ ወላሂ ሐኪም ቤት ውሰደው» አሉ።

ጀማል ሊሸኘኝ ወጥቶ ምን እንደነካኝ ቢጠይቀኝ፣ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ በኩራት አዋስኩት። ከዚያ እስከ አሰላ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ሆዴ ሲጮህ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ደብተር የሚዋሰውንም፣ ከክፍል ሲቀር «በስሜ ፈርምልኝ» የሚለውንም እምቢ አልኩ፤ የዶርም ልጆች ሰላምታ እስኪቀንሱብኝ ድረስ።

በወሩ ጀማል አሰላ ድረስ መጥቶ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ሊያገባ ነው። «ሚዜዬ እንድትሆን ፈልጌ ነበር» አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ቃል ከተገባባንበት ቀን ጀምሮ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የሱፉን ቀለም እንኳ መርጫለሁ። አፌ ግን ያው የአገሬ ልጅ ነውና፣ «ኧረ እኔ አይሆንልኝም፤ ሌላ ሰው ይሻልሃል» አለ። አትፍረዱብኝ! እናንተ ብትሆኑ «እሺ፣ ሱፉ መቼ ነው የምንለካው?» ትሉ ነበር?

እጄን ይዞ እስኪለምነኝ ጠበቅሁ።

«እሺ ወንድሜ» አለ ጀማል። «አልጫንህም።»

ማኪያቶውን ጨለጠና እህል ስለሚያጭደው ኮምባይነር ወረፋ ያወራኝ ጀመር። ስንለያይ መጽሐፌን መለሰልኝ። «አሪፍ መጽሐፍ ነው፤ በተለይ ምዕራፍ አራት» አለኝ።

ዶርም ገብቼ ምዕራፍ አራትን ገለጥኩ። ርዕሱ «የሌላውን እምቢታ ማክበር» ይላል። ጀማል ከሥሩ በእስክሪብቶ አስምሮበታል።

ደውለህ አትነግረውም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሁለቴ ስልኬን አንስቼ ነበር። ግን እስቲ «ለምነኝ» ብሎ የሚለምን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ከልቤ አዘንኩ።

በሠርጉ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከእንግዶች ጋር ተቀመጥኩ። ከኢተያ የመጣ የአጎቱ ልጅ፣ እኔ በመረጥኩት ቀለም ሱፍ ዘንጦ፣ ከጀማል ጎን ቆሟል። አዴ ሀሊማ ጩኮ በሳህን ይዘው እኔ ጋ ደረሱ።

«አልበላም» አለ አፌ፣ አመል አይለቅ። ወዲያው ደነገጥኩ፤ ይህም ሊያመልጠኝ ነው።

«ኧረ ብላ!»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በሞቴ!»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ሳህኑን ተቀበልኩ። እግዜር ይስጠው ጀማልን፤ መጽሐፉን ለእናቱ ሳያሳይ ነው የመለሰልኝ።